የአጎቴ ሲምባል ዕድሜ

አጎቴ በወጣትነታቸው ድራም መቺ ነበሩ። በባሕር ዳር አሮጌ ሲምባል፣ ያንን ከድራም ጋር የሚመታ የናስ ሳህን፣ ያገኘ ሁሉ ዘመኑን ለማወቅ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። የናሱን ሳህን ሐይቁን ወደሚያየው መስኮት አዘንብለው በቀለም የታተመበትን ጽሑፍ ያነባሉ፤ ከዚያም ናሱ ላይ የተመታውን የፋብሪካ ማኅተም በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ዓመት አይጠሩም፤ "ታላቄ ነው" ወይም "እኩያዬ ነው" ብለው ይመልሱታል። "እድፉን አትንኩት፤ ዕድሜው እዚያ ነው" ማለትም ያዘወትሩ ነበር፤ ትዝታዬ ካላታለለኝ።

በአርባቸው ዕለት የራሳቸው ሲምባል ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሲያብረቀርቅ አየሁ። ባለቤታቸው በአመድና በሎሚ ፈትገውት ኖሯል።

"ምነው እትዬ?" አልኋቸው።

"ለተዝካራቸው እንዲያምር ነዋ። የቤተ ክርስቲያኑን ጸናጽል ለንግሥ በምን ስናጸዳ ኖርን? እሳቸው እንደሆኑ በሕይወት ሳሉ አላስነካ ብለውኝ ነበር።"

ሲምባሉን የምትወርሰው ልጃቸው ጠጋ ብላ፣ "ጋሼ፣ ይኼ የመቼ ነው? ለእርስዎ ነግረውዎታል" አለችኝ።

በእርግጥ ነግረውኛል። "ታላቄ" ይሁን "እኩያዬ" ያሉኝ ግን አልለይ አለኝ፤ ገምቼ ልነግራትም አልደፈርሁም። የቀለሙ ጽሑፍ ፈጽሞ ጠፍቷል። ዱሮውንም ተበልቶ ከነበረው ማኅተም አንዲት ስርጉድ መስመር ቀርታለች፤ ጣቴ ያገኛታል፤ ማንበብ የሚችሉት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።