የበሩ ልምምድ

የልጅ ልጄ ያለ ጊዜው የተወለደ ነበርና ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን ሲቃረብ ቤተሰቡን የምታዘጋጀው ነርስ እኛን ጠራችን። ልጄን ሕፃኑን ገላ ለገላ ደረቷ ላይ አስጠግታ በነጠላ ማሰርን፣ ባሏንም እሷ ስትደክም ተክቷት ማቀፍን አስተማረቻቸው። በፊቷ ሠርተው ካላሳዩ አታምንም። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ በሩ የእርስዎ ነው። ይህ ልጅ ጉንፋን አይችልም። አሁን እኔ እንግዳ ነኝ፤ ይመልሱኝ።»

ወጥታ አንኳኳች። «እንኳን ደስ ያላችሁ! ከጦር ኃይሎች ታክሲ ተጋፍቼ ነው የመጣሁት፤ እስቲ አንዴ ልሳመው!»

«ኧረ ግቢ!» አልኩ።

ልጄ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አባዬ፣ አስገባሃት እኮ!»

በመሥሪያ ቤት ዘመኔ ባለጉዳይን በትሕትና መመለስ አውቅበት ነበር፤ የአራስ ጠያቂን መመለስ ግን ለካ ሌላ ሙያ ነው። ነርሷ ደግማ ደጋግማ አንኳኳች። አንዴ አኮረፈች፣ አንዴ ለመነች፤ በወጉ እስክመልሳት ድረስ አልለቀቀችኝም። ያንን ትጋቷን ዛሬም አደንቃለሁ።

ኮልፌ ቤታችን በገባን ሰሞን ታላቅ እህቴ ከአስኮ መጡ። እናት ሆነው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከቃላቸው ወጥቼ አላውቅም። በሩን ስከፍትላቸው ሳል ያጣድፋቸዋል።

«እትዬ፣ ሳሉ እስኪለቅዎት ሕፃኑ ጋ አይገቡም።»

«እኔን ነው? እጄን ጭኜ ልጸልይለት ብመጣ?»

«በመስኮቱ በኩል ይጸልዩለት።»

«አፍንጫህን ጠርጌ ያሳደግኩህ፣ ዛሬ ዘበኛ ሆንክብኝ!»

ከበሩ ግን አልተነሣሁም። መስኮቱ ሥር ወንበር አወጣሁላቸው። ልጄ ከውስጥ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ የሕፃኑን ፊት አሳየቻቸው። እትዬ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ጸለዩ።

ጸሎቱን እንዳበቁ አንዲት ጎረቤት ገንፎ ይዛ ወደ በሩ አመራች። እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ ብድግ አሉ።

«ወዴት ነው? ገንፎውን ለእሱ ስጪና እዚህ ቁጭ በይ። እኔ አያቱ እንኳ አልገባሁም!»

በቀጠሮው ቀን ሕፃኑ ጉንፋን ሳይነካው ክብደት ጨምሮ ተገኘ። ነርሷ የበሩን ነገር ስትጠይቀኝ፣ ኃላፊነቱን ለእትዬ በክብር ማስረከቤን ነገርኳት።