የዓርቡ ቅጂ

ባልደረቦቿ «ባለ ገመዷ» ይሏታል። በጫማ ክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለቻት ፍላሽ ከእሷ ተለይታ አታውቅም፤ ስታስተምርም፣ ልብስ ስታጥብም፣ ስትተኛም አብራት ናት። ቀን ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ ማታ ማስተርሷን ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏ ሰሌዳው ስለማይታያቸው ሰነፍ ስለሚባሉ ልጆች ነው። ኮምፒውተር ግን የላትም። ኮምፒውተር ሳይኖራት ጥናት ስትሠራ ያያት ሰው፣ ቤት ሳይኖረው ቁም ሣጥን ተሸክሞ የሚዞር ሰው ያየ ያህል ነው።

ቁም ሣጥኗ ያነበበቻቸውን ጽሑፎች የሚያደራጅላት ፕሮግራም ነው። ማን ምን እንደጻፈ፣ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ይይዝላታል፤ ስትጽፍ ማጣቀሻውን በየቦታው ይሰካላታል። የኮሌጁ ኮምፒውተሮች በጠፉ ቁጥር የተጫነባቸውን ሁሉ ስለሚጠርጉ፣ ፕሮግራሙን ከነጽሑፎቹ ፍላሿ ላይ ጫነችው። የትም ብትሰካት ከዚያው ይነሣል። ችግሩ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለፍላሿ የየራሱን መጠሪያ ፊደል መስጠቱ ነበር። አንዱ ጋ «ኢ»፣ ሌላው ጋ «ኤፍ» ስትባል ፕሮግራሙ ጽሑፎቹን የት እንዳስቀመጠ ይጠፋበታል። ስለዚህ በምትሠራባቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ፣ በሰካቻት ቁጥር ፍላሿ «ዚ» እንድትባል ታደርግ ጀመር፤ ነገሩም ሰላም ሆነ። ዘዴዋን ለሰማም ላልሰማም ስለምታወራ፣ መምህራኑ ከሩቅ ሲያዩዋት ሻያቸውን ጨልጠው ይነሡ ጀመር።

አብዛኛውን የምትጽፈው ታናሽ ወንድሟ በሚሠራበት የዓይን ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ወንድሟ ትምህርቱን ጨርሶ ዓመታት ቤት ከዋለ በኋላ ያገኛት ሥራ ናት። ያኔ ሰው ፊት መቆም አስጠልቶት ነበር፤ እናታቸው ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱለት እንዳልሰማ ሆኖ ግድግዳ ሲያይ ይውል ነበር። ሥራውን ሲያገኝ ሰው ሆነ። ፂሙን ተላጨ፣ መቀለድ ጀመረ። ያቺ ሥራ ከመመረቂያ ጽሑፌ ትበልጥብኛለች ትል ነበር እህቱ፤ ስትልም ከልቧ ነበር።

ክሊኒኩ ሲዘጋ በጓሮ በር ያስገባታል። የክሊኒኩ ኃላፊ ብትሰማ አትወድም። ኮምፒውተሩ ላይ ሁልጊዜ የተሰካ ትርፍ ዲስክ አለ፣ ስሙም «ዚ» ነው። ባለ ገመዷ ስትመጣ ፊደሉን ከዲስኩ ወስዳ ለፍላሿ ትሰጣለች፣ ስትሄድ ትመልሳለች። ዲስኩ ለምን እንደተሰካ ጠይቃ አታውቅም። ወንድሟም ፊደል እንደምትለዋውጥ አያውቅም። ዓርብ ዓርብ፣ መዝጊያ ሰዓት ላይ፣ ኮምፒውተሩ የሕመምተኞቹን መዝገብ በሙሉ ራሱ ወደ «ዚ» ይገለብጣል። እሷ የምትመጣው ግልበጣው ካለቀ በኋላ ስለነበር ምንም ተፈጥሮ አያውቅም።

አንድ ዓርብ እናታቸውን ትኩሳት ያዛቸው። ማታ አጠገባቸው ልሁን ብላ ቀደም አድርጋ መጣች። ወንድሟ በር ላይ የመጨረሻዎቹን ሕመምተኞች ሲሸኝ እሷ ካርድ ክፍል ገብታ ፊደሉን ለወጠችና መጻፍ ጀመረች። የፍላሿ መብራት ያለወትሮው ብልጭ ድርግም ሲል ፕሮግራሙ ሥራዋን የሚያስቀምጥላት መሰላት፤ እንዲያውም ደስ አላት። ሲበቃት ፊደሉን መልሳ፣ ፍላሿን አንገቷ ላይ አጥልቃ ወደ እናቷ ሮጠች።

ቅዳሜ ኮሌጅ ስትከፍታት ፍላሿ ጢም ብላለች። ባላስቀመጠችው ፎልደር ውስጥ የሰው ስም፣ ዕድሜ፣ የዓይን ግፊት፣ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተደርድሯል። ክው አለች። ወዲያው ለወንድሟ ደውላ የሆነውን ነገረችው። እሱም መዝገብ ከክሊኒኩ ወጥቶ ቢገኝ ምን እንደሚያስከትል ሲቀጠር ፈርሞበታል።

«አጥፊው፣ እታለም» አላት። «ከኮምፒውተሩ የቆሻሻ ቅርጫትም ጭምር አጥፊው። ማንም ሳያየው።»

አምጪውና ዲስኩ ላይ እንመልሰው የሚል ሐሳብ ለሁለቱም አልመጣላቸውም። ሁለቱም የቸኮሉት ለመደበቅ ነበር። አጠፋችው። ቦታው ሲለቀቅላትና የኮሌጁ ኢንተርኔት ፈጣን ሆኖ ሲጠብቃት፣ ስትመኛቸው የነበሩትን ጽሑፎች ስታወርድ ዋለች፤ ፍላሿ እንደገና እስክትሞላ።

እሑድ መብራት ሄዶ ሲመጣ የክሊኒኩ ኮምፒውተር ተቃጠለ። ሰኞ ጠዋት ኃላፊዋ ብዙም አልደነገጠች፣ ትርፍ ዲስኩን ተማምና። ዲስኩ ሲከፈት ግን ያለው የቀደመው ሳምንት ዓርብ ቅጂ ነው፤ የሳምንቱ ምርመራ የለም። አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ሁሉ እንደገና ትመረመራላችሁ ተባለ። ለቀዶ ጥገና ከሩቅ የመጡ አንድ አዛውንት የትኛው ዓይናቸው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ሁለቱንም በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉ።

ወንድሟ ይህን ደውሎ ሲነግራት ፍላሿን ይዛ ወደ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ሮጠች። የጠፋ ነገር ይመለሳል ሲባል ሰምታለች። ጠጋኙ ሰክቶ ቢፈልግ ቢፈልግ ምንም አጣ።

«ካጠፋሽ በኋላ የጫንሽበት ነገር ነበር?» ሲል ጠየቃት።

«ነበር።»

«ምን ያህል?»

«እስክትሞላ ድረስ።»

ጠጋኙ ነቅሎ መለሰላት። አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጽፏል፣ ከዚህ ወዲያ የሚወጣ ነገር የለም አላት።

ክሊኒኩ ስትደርስ ወንድሟ ዕቃውን በላስቲክ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ዓርብ ዲስኩን ነቅዬ በሰዓቱ መሰካት ረስቼ ነው ብሎ ጥፋቱን ለብቻው ወስዶ፣ ተባሮ ነበር። የሷን ነገር አላነሣም። ገብቼ እውነቱን ልናገር ስትል ክንዷን ያዛት።

«መዝገቡ ወጥቶ ነበር ካልሽ ያስሩኛል። ተይው።»

አብረው ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። ከዚያ ያንቺ ጽሑፍስ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ደህና ነው ብሎ መመለስ አሳፈራት፤ ቢሆንም ደህና ነው አለችው። ተመስገን አለ። ከአንጀቱ ነበር፤ እሷን የጎዳትም ይኸው ነው።

ጽሑፏ የተገመገመ ቀን መምህራኑ አንድም ማጣቀሻ ሳትስት መጻፏን እያነሡ አመሰገኗት። ቤት ስትገባ እናቷ እንዴት ሆነልሽ አሏት፣ አለፍኩ አለች። ወንድሟ ፂሙ አድጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል፤ እንኳን ደስ አለሽ አላት፣ ዞር ሳይል። ክሩን ከአንገቷ አውልቃ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።