ከእሳት ዳር ወደ ብርድ

አጎቴን ሳስብ ከሐዘኔ ንዴቴ ይቀድማል። የመካነ ሰላም ሰው የሚያውቃቸው ስባሪ ጠርሙስ አቅልጠው፣ በረጅም ቧንቧ እየነፉ የፋኖስ ብርጭቆ ሲሠሩ ነው። ብርጭቆው ገና ከእሳት እንደ ወጣ ገዢ እጁን ከዘረጋ ይቆጡታል። «በአንዴ ብርድ ካገኘው ይሰነጠቃል፤ ትኩስ አመድ ውስጥ ይደር!» ይሉ ነበር። በዚህ ነገር ለማንም አይለሳለሱም።

በዚያ በችጋሩ ክረምት ልጄ ታሞ ተኝቶብኝ ነበር። እህል ይታደላል ተባለ፤ ሰልፉ ላይ ያልቆመ ግን አያገኝም። ልጁን ለማን ጥዬ ልሂድ? አጎቴ ይህን ሲሰሙ ቧንቧቸውን አስቀምጠው ከእሳቱ ዳር ተነሡ። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፤ ደጁ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነው።

«አያ፣ ላብዎ እንኳ ይድረቅ! ኧረ ጋቢ ይደርቡ!» ብዬ ጮህኩ።

«አብሽሪ! እኔ ብርጭቆ ነኝ እንዴ?» ብለው እየሳቁ ወጡ።

ማታ ስንዴውን አመጡልኝ። በማግሥቱ ደረታቸውን ውጋት ያዛቸው፤ ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ። ልጄ ያንን ስንዴ በልቶ ተነሣ። ታዲያ በማን ልናደድ?

ዛሬ አብዮት ነው እየተባለ መንገዱ ሁሉ ጩኸት ሆኗል። ልጄ ከትምህርት ቤት በዘገየ ቁጥር ደጅ ደጁን አያለሁ። «አያ፣ እስቲ ወጣ ብለው ይዩልኝ» የምለው ሰው የለኝም። ምድጃቸው ቀዝቅዟል፤ በሩ ላይ ቆሜ ብቻዬን እነጫነጫለሁ።

አያ፣ ነፍስዎን በገነት ያኑርልኝ። እኔና እርስዎ ግን ገና አልታረቅንም።