በቀይ ጨርቅ የታሰረው ደብተሬ

ነገሩ የሆነው ያለፈው ዓመት መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ እዚሁ ሲያትል ነው። እኔ ሰው ላይ ቶሎ የምጨክን ሰው ነኝ። ያን ቀን የጨከንኩባቸው ሰው በማግስቱ ያደረጉልኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሻሸመኔ ጡብ ስጭንና ሳወርድ ኖርኩ። ፈርም ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ መጫን ነው። ወንድሜ አሜሪካ ሲያመጣኝ ደግሞ በአንድ ቋንቋ ማንበብ የማልችለው ሰውዬ በሁለት ቋንቋ ማንበብ የማልችል ሆንኩ። አማርኛውን ኦቴሎ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ፓርኪንግ የሚጠብቅ አንድ ያገሬ ሰው አስተማረኝ። እንግሊዝኛውን ላይብረሪ ውስጥ በሚሰጥ ነጻ ትምህርት እየተንገዳገድኩ ጀመርኩ። አንብብ ሲሉኝ አሁንም ያልበኛል።

ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። ያን ጊዜ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር የምንከባከባቸው አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ነበሩ። ከደቡብ ህንድ፣ ኬረላ ከሚባለው ግዛት የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ሁሉም ሰው «ማሽ» ይላቸዋል፤ በአገራቸው አስተማሪ ማለት ነው። ዓይናቸው ደክሞ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ልጃቸው ሱጃታ ሥራ ስትሄድ ቀኑን አብሬያቸው የምውለው እኔ ነበርኩ።

ስትቀጥረኝ አባቷ እንዲነበብላቸው እንደሚወዱ ነገረችኝና እንግሊዝኛ ታነባለህ አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። ሥራውን እፈልገው ነበር።

ማሽ የሚያስነብቡኝ ስለ ኬረላ የሚያወራ አንድ የቱሪስት መጽሔት ነው። ጣራቸው በዘንባባ ቅጠል የተሠራ ትልልቅ ጀልባዎች አሉበት፤ ግራና ቀኙ የኮኮናት ዛፍ በሆነ ውሃ ላይ ይሄዳሉ። በወርቅ ያጌጡ ዝሆኖች፣ ሻይ የተተከለበት ተራራ፣ ፊታቸውን አረንጓዴ የተቀቡ ተዋንያን አሉ። ቃሉ ሲከብደኝ ፎቶውን እያየሁ ከራሴ እፈጥራለሁ። ማሽ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴ የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ዛሬ ቱሪስት የሚዝናናባቸው ጀልባዎች ድሮ ሩዝ ይጭኑ እንደነበር፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱት በጀልባ እንደነበር፣ እነዚያ ፊታቸውን የተቀቡት ሰዎች አንድ ቃል ሳይተነፍሱ በዓይንና በእጅ ብቻ ሙሉ ታሪክ እንደሚያወሩ ነገሩኝ። «ፎቶው ላይ የሌለችው ትንኟ ብቻ ናት» ይሉና ይስቃሉ።

እኔ አልስቅም። በሆዴ፣ ትምህርት ቤት በጀልባ የወሰዱት ሰው ምን ቸግሮት አይስቅ እላለሁ። ቅናት ነው፤ አልደብቅም።

በዚያ ሰሞን የሲቲዝንሺፕ ፈተና ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ንባቡ ላይ ወድቄያለሁ። ሁለተኛው የመጨረሻው ነው፤ ከወደቅሁ ማመልከቻው እንደ አዲስ ይጀመራል። ከአራት ዓመት በፊት አገሬ ሄጄ ያገባኋት ባለቤቴ ጸሐይ እዚያው ሻሸመኔ ትጠብቀኛለች። እኔ ዜጋ ካልሆንኩ ገና ትጠብቃለች። ሶ፣ ለፈተናው የሚሆኑትን ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ አንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ገልብጬ፣ ከእያንዳንዱ ሥር አነባበቡን በአማርኛ ፊደል ጽፌ ነበር። ማሽ ሲያሸልቡ አጠናለሁ። ደብተሩን የማስቀምጠው እዚያው ሳሎን፣ የእሳቸው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ነው።

ፈተናው ሐሙስ ረፋድ አምስት ሰዓት ነው። ረቡዕ ጠዋት ስገባ መደርደሪያው ባዶ ነው። አንድ መጽሐፍ የለም። ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ የዕውቀት አምላክ የሚሏት የሴት ሥዕል ፊት፣ በቀይ ጨርቅ የታሰረ ትልቅ ጥቅል ተቀምጧል።

ሱጃታን ኮል አደረግኋት። በዓል ነው አለችኝ። በአገራቸው መጽሐፍና እስክሪብቶ ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ ይቀመጣል፤ እስከ ነገ ጠዋት ማንም አያነብም፣ ማንም አይጽፍም። ማታ ስትሰበስብ ሰማያዊው ደብተር የአባቷ መስሏት አብራ አስራዋለች። ይቅርታ ጠየቀችኝና «ነገ በጠዋት ይፈታል፣ ኦኬ?» አለችኝ።

ኦኬ አላልኩም። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ በዓል ሳላነብ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ከምሳ በኋላ ማሽ ወንበራቸው ላይ ሲያሸልቡ ተንበርክኬ ቋጠሮውን ፈታሁት። ደብተሬ ከታች ነው። ስጎትተው መጽሐፎቹ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«ፈታኸው?» አሉ ከኋላዬ።

«ፈታሁት።»

ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። የተመታ ሰው ፊት ነበር። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ግን አያርፍም። «ለእርስዎ አለማንበብ የአንድ ቀን በዓል ነው» አልኳቸው። «ለእኔ ኑሮዬ ነበር። ነገ ፈተና አለብኝ። ሚስቴን የማመጣት በዚህ ደብተር ነው።»

እንግዲህ ከሥራዬ ተባረርኩ ብዬ መጽሐፎቹን መልቀም ጀመርኩ።

«ስትጀምር ስንት ዓመትህ ነበር?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «መጽሔቱን እኮ በቃሌ ነው የማውቀው። አንተ ዝሆኖቹን ጀልባ ላይ ጫንካቸው።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሦስት ወር ሙሉ ውሸቴን ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ ኖረዋል። ለምን ዝም አሉኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። በየሳምንቱ ከራሴ የምፈጥረው እየቀነሰ፣ የማነበው እየበዛ ሲሄድ ይሰማቸው እንደነበር ነገሩኝ። ያን ማቋረጥ አልፈለጉም።

ጥቅሉን መልሰህ እሰር አላሉኝም። ደብተርህን ይዘህ አጥና ብቻ አሉኝ። ይዤ ተቀመጥኩ፤ አንድ መስመር አልገባኝም። ልወጣ ስል፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ ፈተናው ሳትሄድ ብቅ በል አሉኝ።

ሐሙስ መኪናዬን በራቸው ላይ ፓርክ ሳደርግ ሁለት ቤተሰቦች ሕፃናት ታቅፈው ሲገቡ አየሁ። ማሽ ነጭ ሽርጥ አገልድመው መሬት ተቀምጠዋል። ሕፃኑን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና ጣቱን ይዘው፣ ትሪ ላይ በተነጠፈ ሩዝ የመጀመሪያ ፊደሉን ያጽፉታል። አንዷ ሕፃን አለቀሰች፤ አንዱ ሩዙን አፉ ውስጥ ከተተ። በአገራቸው ሰው ትምህርት የሚጀምረው በዚህ ቀን፣ እንዲህ ነው።

እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ እዚያ ሥዕል ፊት መቀመጥ አልሆነልኝም። ይህን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን ገባቸው መሰለኝ፣ በሱጃታ ትከሻ ተደግፈው ተነሱ። ትሪውን አስይዘዋት ወደ ኩሽና ሄዱና ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«እዚህ ያለው ሩዝ ብቻ ነው» አሉኝ። «ና ተቀመጥ።»

የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ ጡብ ያደነደነው ጣት ይዤ ተቀመጥኩ። እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑና የራስህን ፊደል ጻፍ አሉኝ። ሀን ጻፍኩ። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አሉ። «አሁን አንተ የእኔን ጣት ያዝ።»

ያዝኩ። ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ስንቱን ሲያስተምሩ የኖሩ። ጣታቸውን እየመራሁ ሀን አስጻፍኳቸው። ለብቻቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት።

«ምን ይላል?»

«ሀ።»

«ሀ» አሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው።

ሱጃታ ከሩዙ ትንሽ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ። ቤት መውሰዱም ልማዳቸው ነው።

ፈተናው ላይ ሴትዮዋ አንድ ዓረፍተ ነገር አሳየችኝ። አላበኝ። ከሥሩ የአማርኛ አነባበብ የለውም። ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል አነበብኩት። ከራሴ ምንም አልፈጠርኩም። አለፍኩ።

ማሽ ከፈረንጆቹ ገና በኋላ ወንድ ልጃቸው ዘንድ፣ ኬረላ ተመለሱ። እኔ ያን አገር የማየው አይመስለኝም፤ ሽርሽር የሚሉት ነገር አይሆንልኝም። ያ ጠዋትም ጠባዬን አልቀየረውም። የተበላብኝን አርባ ሦስት ዓመት የሚመልስልኝ የለም፤ ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። ግን ሰው እየተንተባተበ ሲያነብ ስሰማ፣ ቃሉን ከአፉ መንጠቅ ትቻለሁ። እስኪጨርስ እጠብቃለሁ።

የጸሐይ ጉዳይ ተጀምሯል። እሷም ፊደል አልቆጠረችም፤ ስልክ ላይ የምትልክልኝ ድምፅ ብቻ ነው። ሩዙን እንዳይነቅዝ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬላታለሁ።