ከደራርቱ ደብዳቤ የተሰረዘው ስሜ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ፣ ሲግናል ሰፈር ባለው ቤታችን ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ የኮሪያ ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ የት እንደሚውሉ በስልኳ ስታይ ቆየችና፣ እኔ በእሷ ዕድሜ ትርፍ ጊዜዬን በምን አሳልፍ እንደነበር ጠየቀችኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን የእንግሊዝኛ መምህራችን የሆላንድ ተማሪዎች የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ይዘውልን መጡ። የእኔን የጻፈችው ልጅ፣ ብርድ ሲበረታ በረዶ በሠራ ወንዝ ላይ እንደምትንሸራተት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፒያኖ እንደምትማር ትናገራለች። መምህሩ እኛም መልሱን መጀመሪያ በአማርኛ ጽፈን ለክፍሉ እንድናነብ፣ ከዚያ በእሳቸው እርዳታ ወደ እንግሊዝኛ እንድንመልሰው አዘዙን።

የእኔ ትርፍ ጊዜ እንጦጦ ነበር። ጎረቤቴም የክፍል ጓደኛዬም ከሆነችው ከደራርቱ ጋር ዳገቱን ወጥተን፣ ለማገዶ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየጠረግን በጆንያ እንሞላለን። ሥራ ነው፤ ግን ደስ ይል ነበር። ቆሎ እየቆረጠምን ቅጠሉን እንቆልልና ቁልቁል እንንሸራተትበታለን። ጅብ አለ ስለሚባል አንዳችን ስንጠርግ ሌላዋ ዙሪያውን ትቃኛለች። ቤት ስንገባ ፀጉራችን ሳይቀር ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል።

ይህን ሁሉ ትቼ ቴኒስ እጫወታለሁ፣ ፒያኖ እማራለሁ ብዬ ጻፍኩ። ቆሜም አነበብኩት። ከእኔ ቀጥላ ደራርቱ ተነሳችና ከእኔ ጋር ቅጠል እንደምትጠርግ፣ አብረን እንደምንንሸራተት ስሜን እየጠራች አነበበች። ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ ወደ እኔ ዞረው እውነት መሆኑን ጠየቁኝ።

«እኔ እዚያ ሄጄ አላውቅም፣ ቲቸር» አልኩ።

ስሜን እንድታወጣው አዘዟት። ደራርቱ አንዴ አየችኝና በእስክሪብቶዋ ሰረዘችው። ከዚያ ወዲያ የክፍሉ ልጆች እንዳያዩኝ ብዬ፣ ለእናቴ ጥናት በዝቶብኛል እያልኩ ከእንጦጦ ቀረሁ። ደራርቱ ብቻዋን ትወጣ ጀመር።

ከወራት በኋላ መልስ መጣ። እንግሊዝኛ አይሆንላትምና ደራርቱ ደብዳቤዋን ይዛ ቤታችን መጣች፤ በሰፈሩ ከእኔ ሌላ የሚያነብላት አልነበረም። ለእሷ የጻፈችውን የሆላንድ ልጅ ቅጠል ላይ መንሸራተቱ አስቀንቷታል። መጨረሻ ላይ የጠየቀችውን ልዘለው ፈልጌ ነበር፤ ደራርቱ ግን መስመሩን በጣቷ ነክታ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ።

«ብቻሽን ስትወጪ አትፈሪም ወይ? ትልሻለች» አልኳት።

«እፈራለሁ ብለሽ ጻፊልኝ» አለችኝ።

ጻፍኩላት። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም። በዓመቱ ቤተሰቧ ሰፈሩን ለቀቀ። አሁን ጉርድ ሾላ ሱቅ አላት ይሉኛል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ታክሲ ውስጥ ሆኜ አንገቴን እደፋለሁ።

ለልጅ ልጄ ቅጠል እጠርግ እንደነበር ነገርኳት። ስልኳን አስቀምጣ ተነስታ ተቀመጠችና ከማን ጋር እሄድ እንደነበር ጠየቀችኝ። ከደራርቱ ጋር አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም። ያን ቀን በክፍል ውስጥ ከእኔ የተፈለገውም ከዚህ የከበደ አልነበረም።