የቆሰበር ሰልፍ

የቬትናምን ጦርነት በመቃወም በፈረስ ሰልፍ የወጣ ከተማ የኛ የአገዎቹ ቆሰበር ብቻ ነው። ፈረሰኞቹን የጠራሁም እኔ ነኝ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ሚስቴም አታምነኝም፣ እሷ ደግሞ ቆማ ያየች ናት።

ያኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ፊደል ማንም አላስተማረኝም፤ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቅሜ ነው የተማርኩት። ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት እንዲያስተምር የላከልን ተማሪ «ጦርነት ይቁም» የሚል ጨርቅ ሲያምረው ታዲያ ከኔ ሌላ ማን ዘንድ ይሄዳል? አቡጀዲ ላይ ሰፋሁለት። ፊደሉ ከሱ የእጅ ጽሑፍ ያምር ነበር።

«ለእሁድ ሰልፍ ሰው ጥራልኝ፤ በአገውኛም ንገራቸው» አለኝ።

ገበያ ወጥቼ ለፈፍኩ። «ሰልፍ» ለማለት የመጣልኝ የአገውኛ ቃል ግን ሰው ለጦር ሜዳ የሚጠራበት ብቻ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተማሪው ጨርቁን ሱቄ ደጃፍ ዘርግቶ ሲጠብቅ፣ ገበሬው ማን እንደመጣበት እንኳ ሳይጠይቅ ፈረሱን ጭኖ፣ ጦርና ጠመንጃውን ይዞ ሜዳውን ሞላው።

ከፊት የነበሩት ሽማግሌ «ልጄ፣ ጠላት በየት በኩል ነው?» አሉት።

«አባባ፣ ጠላት የለም። ጦርነት ይቁም ልንል ነው።»

«ታዲያ ፈረሱን ለምን አስጫናችሁን?»

ተማሪው ወደኔ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። ያኔ ሰልፍ ክልክል ነው፤ መሣሪያ ከተያዘበት ደግሞ ሽፍትነት ነው የሚባለው። ዩኒቨርሲቲው ቀርቶበት ወህኒ መውረዱ ነው። የፖሊስ አዛዡም በመንገዱ ጫፍ ብቅ ብሏል።

የኔ ጭንቅላት የሚሠራው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ድንጋይ ላይ ወጣሁና በአገውኛ «ሁለት አገሮች ተጣልተው ልናስታርቅ ነው» አልኩ።

«ለዕርቅ ማን ጦር ይዞ ይሄዳል? ቀድመህ አትናገርም፣ አንተ ቀዳዳ ሰፊ!» አሉና ሽማግሌው ጦራቸውን ሱቄ ውስጥ አስቀመጡ። ሌላውም ተከተላቸው። የስፌት መኪናዬ ጠመንጃ ተከምሮባት ጠፋች።

አዛዡ ሲደርስ ባዶ እጁን የቆመ ፈረሰኛ ብቻ አገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዕርቅ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ማን ከማን ተጣላ?»

«አሜሪካና ቬትናም።»

አዛዡ ጨርቁን አነበበ፣ ተማሪውን አየ፣ እኔን አየ። «በዳዩ ማነው ታዲያ?»

«ሁለቱንም ሳንሰማ እንዴት እንፈርዳለን?» አሉ ሽማግሌው።

አዛዡ ሳቁን በቆቡ ሸፈነና «በሉ አስታርቃችሁ ቶሎ ግቡ» ብሎ ተመለሰ። ከተማውን ዞርን። ጨርቁን ፈረስ ላይ ሆኜ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ተማሪው ዓመቱን ጨርሶ በሰላም ወደ ዩኒቨርሲቲው ገባ።

ዋሸ የምትሉኝ፣ አዛዡ ጡረታ ወጥቶ ዳንግላ ላይ ወፍጮ ቤት አለው። እህላችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁት። እስኪፈጭላችሁ ድረስ ያወራችኋል፤ «ያን ቀን ጨርቁን የያዝኩት እኔ ነኝ» ካላችሁ ግን እሱ ውሸታም ነው።