ባቡር ሄደች

ቃል ያሳብደኛል። ሰው ሲያወራ ወሬውን ትቼ ቃሉን አሳድዳለሁ። ፌርማታ ከጣልያን መጣ፣ ሀዲድ ከዓረብ፤ ባቡርም ቢሆን ሥሩ እንፋሎት የሚል የባዕድ ቃል ነው። አቃቂ ጣቢያው አጠገብ እየኖርኩ ይህን ሁሉ ሰምቶ ዝም ማለት አልችልበትም።

አንድ ቀን ጠዋት ሚስቴ ድሬዳዋ ያሉት እናቷ መታመማቸውን ትነግረኝ ጀመር። መልእክቱን ያመጣው በፉርጎ ዕቃ ጭኖ የመጣ ነጋዴ ነው ስትል፣ ፉርጎ የፈረንሳይ ይሁን የጣልያን ለይቼ እንዳላወቅሁ ነገርኳት። አፌን ምን እንደነካኝ እንጃ።

"የቃሉን አገር ትጠይቃለህ" አለችኝ። "አገርሽ ይናፍቅሻል ወይ ብለህ ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

ለምሳ ከፋብሪካ ስመለስ በሩ ተቆልፏል። ሰፈሩ ገና እርሻ ሳለ ጀምሮ እዚያው የኖሩት ባልቴት ጎረቤታችን ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቴን አይተዋት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ዕቃ ተሸክማ ባቡር ሄደች" አሉኝ።

ጣቢያው ሮጬ ስደርስ የድሬዳዋው ባቡር ቆሟል። በየመስኮቱ ሥር እየተጋፋሁ ስሟን ጠራሁ። የሰው ፊት ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ የሷ ግን የለም፣ ወይም ሰምታ ዝም ብላኛለች። ፊሽካው ተነፋና ባቡሩ ጥሎኝ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እግሬን እየጎተትኩ ስመለስ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት የለበሰች ሴት ጆንያ ተሸክማ አለፈችኝ። ያኔ ብልጭ አለልኝ። የሰፈሩ ነባር ሰዎች የእህል ወፍጮውንም ባቡር ነው የሚሉት። የቃሉን ሥር ከባሕር ማዶ ስፈልግ አጠገቤ ያለውን ረስቼዋለሁ።

ወፍጮ ቤት ደጃፍ ጆንያዋን ስታስር አገኘኋት። ላቤን አይታ ማን ሞተ አለችኝ። ባቡር የሄድሽ መስሎኝ ነው አልኳት።

"ነገ እሄዳለሁ" አለች። "ጾምህን እንዳታድር ገብሱን ላስፈጭልህ ብዬ ነው።"

"ትመለሻለሽ?"

የጆንያውን አፍ አጥብቃ አስራ ጨረሰች።

"ዱቄቱ ሲያልቅ።"

ጆንያውን ተቀበልኳት። ገና መፈጨቱ ስለሆነ ጀርባዬን ይሞቀኛል። ስለ ቃሉ ትንፍሽ አላልኩም። በማግስቱ ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጠዋትም ማታም ገንፎ እያገነፋሁ የሁለት ሰው ብቻዬን እበላ ጀመር።